አዲስ ግራፊክስ ካርድ የድሮ ጌም ይከፍታል ወይ?

ጥያቄው የመጣው ከኮዬ ፈጬ ነው። «ሰላም ጋሼ፣ ኮንዶሚኒየሙ ሥር ትንሽ ጌም ቤት አለኝ። ማሽኖቼ ያገለገሉ የቢሮ ኮምፒውተሮች ናቸው፤ ኮር አይ ፋይቭ፣ 4ኛ ጄኔሬሽን። የተገጠሙላቸው የድሮ ግራፊክስ ካርዶች አንድ በአንድ እየሞቱብኝ ስለሆነ አዲስ ልገዛ ነው። ልጆቹ በብዛት የሚጫወቱት ፔስ 2013፣ ሳን አንድሪያስና ካውንተር 1.6 ነው። አንዱ ሻጭ ‹የአሁን ካርዶች ዳይሬክትኤክስ 12 ናቸው፣ የዳይሬክትኤክስ 9 ጌም አይከፍቱም› አለኝ። ሌላው ደግሞ ‹አዲስ ካርድ የድሮውን ሁሉ ይችላል› ብሎ ኢንቴል አርክ የሚባል ካርድ በቅናሽ ሊሰጠኝ ነው። የቱን ልስማ?»

ወንድሜ፣ የመጀመሪያው ሻጭ ተሳስቷል። ሁለተኛው በአብዛኛው ልክ ነው፤ ግን ሊያሸክምህ የፈለገው ካርድ አንተ ላለህ ማሽን አይሆንም። ገንዘብህን ከማውጣትህ በፊት ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ብታውቀው ለሌላም ጊዜ ይጠቅምሃል። ስለዚህ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስልህ።

ዳይሬክትኤክስ ጌም ካርዱን የሚያዝዝበት የማይክሮሶፍት መንገድ ነው። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው 12 ካርዱ እስከየት እንደሚደርስ ነው የሚናገረው። ከዚያ በታች ያለውን አልችልም ማለት አይደለም። ዳይሬክትኤክስ 9 የወጣው በ2002 ነው፤ ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጠራልህ። 11 በ2009 ከዊንዶውስ 7 ጋር፣ 12 ደግሞ በ2015 ከዊንዶውስ 10 ጋር መጣ። 12 ሲመጣ ግን 9 አልተሻረም። ዛሬ ዊንዶውስ 11 ጭነህ የሲስተም ፎልደሮቹን ብትበረብር የ9ኙን፣ የ11ዱንና የ12ቱን ፋይል አብረው ተቀምጠው ታገኛቸዋለህ። ጌሙ የሚፈልገውን ራሱ ይጠራል።

አሁን ሻጮችም ገዢዎችም ወደሚስቱት ነገር ልምጣ። ካርዱ ላይ ያለው ቺፕ ዳይሬክትኤክስ 9ን አያውቅም። 12ንም አያውቅም። እያንዳንዱ የቺፕ ትውልድ የራሱ የትእዛዝ ቋንቋ አለው። ያ ቋንቋ ደግሞ ከአንዱ ትውልድ ወደ ሌላው ይቀየራል። ጌሙ «ይቺን ሦስት ማዕዘን በዚህ ምስል ሸፍነህ ሣልልኝ» ሲል የሚቀበለው ድራይቨሩ ነው። ድራይቨሩ እንደ አስተርጓሚ መሀል ቆሞ የጌሙን ጥያቄ ወደ ቺፑ ቋንቋ ይለውጠዋል። ስለዚህ ካርድ ስትገዛ የሠሪውን ድራይቨርም አብረህ እየገዛህ ነው። የድሮ ጌም ለሚያከራይ ሰው ይሄኛው ከቺፑ ይበልጣል ባይ ነኝ።

ባለፈው ክረምት አንድ ልጅ ከገላን ሲፒዩውን በባጃጅ ጭኖ መጣ። «ካርዱ ሞቷል፤ ሳን አንድሪያስ አልከፍት ብሎኛል» አለኝ። ሳበራው አይኮኖቹ ተነፋፍተው ስክሪኑን ሞልተውታል። ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ የካርዱ ስም የለም። በምትኩ «ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር» ይላል። ለካ ድራይቨሩ እየተጫነ ሳለ መብራት ሄዶበታል። ካርዱ ምንም አልሆነም። አስተርጓሚው ግን ስለሌለ ያ ካርድ 9ንም፣ 11ንም፣ 12ንም አንዱንም አይችልም ነበር። የተበላሸውን ድራይቨር አጥፍተን እንደገና ስንጭነው ጌሙ ተከፈተ። እዚህ እኛ ሰፈር ድራይቨር ስትጭን ማሽኑን ዩፒኤስ ላይ አድርገው። ፋይሉ ብዙ ጊዜ ከግማሽ ጊጋባይት በላይ ስለሆነ አንዴ አውርደህ በፍላሽ ለሁሉም ማሽን አዙረው።

ድራይቨሩ የሚሠራው ሥራ ግን ቃል በቃል ማስተላለፍ ብቻ አይደለም። ሳን አንድሪያስን እንውሰድ። ጌሙ ውስጥ ሳን ፊዬሮ የምትባለው ከተማ ላይ የሚወርደውን ጉም ታውቀዋለህ። ያ ጌም አብዛኛውን ሥዕሉን የሚሠራው በጣም በድሮው ዘዴ ነው። በዚያ ዘመን ጭጋጉም፣ ብርሃኑም፣ ምስል አለጣጠፉም ቺፑ ውስጥ በሰርኪት የተሠራ ነበር። ካርድ ሠሪው ኢንቪዲያ በ1999 ያወጣው ጂፎርስ 256 የሚባል ካርድ የቅርጽና የብርሃን ስሌቱን ከፕሮሰሰሩ ወስዶ በራሱ ሰርኪት መሥራት ጀመረ። ጌም ሠሪው «ጭጋግ ክፈት፣ ከዚህ ርቀት ጀምር፣ ቀለሙ ይሄ ይሁን» ብሎ ያዝዛል፤ ሌላው የቺፑ ሥራ ነው። በ2001 ጂፎርስ 3 ሲመጣ ነገሩ ተቀየረ። ጌም ሠሪው ሼደር የሚባል ትንሽ ፕሮግራም ራሱ ጽፎ ለካርዱ መስጠት ቻለ። በ2006 በጂፎርስ 8800 ደግሞ ቺፑ ማንኛውንም ሼደር የሚያሰሉ አንድ ዓይነት ክፍሎች ስብስብ ሆነ። እነዚያ ልዩ ሰርኪቶች ከዚያ በኋላ ቦታ አልነበራቸውም።

ሳን አንድሪያስ ግን ይሄን ሁሉ አልሰማም። ዛሬም «ጭጋግ ክፈት» ይላል። ጭጋግ የሚሠራ ሰርኪት ደግሞ ካርዱ ውስጥ የለም። እዚህ ላይ ድራይቨሩ ጌሙ ያዘዘውን ቅንብር ያያል፦ ጭጋግ አለ፣ ሁለት መብራት አለ፣ አንድ ምስል ይለጠፋል። ከዚያ ይሄንኑ የሚያሰላ ሼደር እዚያው በዚያው ራሱ ጽፎ ለቺፑ ይልካል። ቅንብሩ ሲለወጥ ሌላ ይጽፋል። የጻፈውንም ቆይቶ እንዳይደክም ያስቀምጠዋል። ደንበኛህ መኪና እየነጠቀ ሲሮጥ ከበስተጀርባው ይሄ ሁሉ ይካሄዳል፤ እሱ ግን ጉም ብቻ ነው የሚታየው።

ፔስ 2013 የራሱ ሼደሮች አሉት። በ2012 ሲወጣ ግን እነዚያን ሼደሮች ለአንድ ካርድ ብሎ አላዘጋጃቸውም። በማንም ቺፕ ባልሆነ መካከለኛ ኮድ ነው ያስቀመጣቸው። ድራይቨሩ ያንን ኮድ ተቀብሎ ለተገጠመው ካርድ ይሠራዋል። ጌሙ ሲሠራ ያልነበረ ካርድ ዛሬ ሜዳውንና ተጫዋቾቹን የሚስለው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁሉም ግን እንዲህ አልታደለም። በ1990ዎቹ ስሪዲኤፍኤክስ የሚባል ኩባንያ ነበር፤ ቩዱ የሚሉት ካርድ የእሱ ነው። ግላይድ የሚባል የራሱ መንገድ ነበረው። ብዙ ጌሞች ለግላይድ ተሠሩ፤ ግላይድ ደግሞ የሚሠራው በእሱ ካርድ ላይ ብቻ ነበር። በ2000 መጨረሻ ኢንቪዲያ የኩባንያውን ንብረት ገዛው። ከዚያ ወዲያ ለግላይድ ድራይቨር የሚጽፍ ጠፋ። ዛሬ የግላይድ ጌም መክፈት ከፈለግህ ዲጂቩዱ የሚባል የሦስተኛ ወገን ፕሮግራም ፈልገህ የግላይዱን ጥሪ ወደ ዳይሬክትኤክስ 11 ወይም 12 ማዞር አለብህ። ዳይሬክትኤክስ 9 እዚህ ዕጣ ላይ ያልደረሰው ማይክሮሶፍት ስለያዘው ብቻ አይደለም። ጌሙ ብዙ ነው፤ ደጋፊው አቁሜያለሁ ቢል ገበያው ይጮኻል።

ከዚህ ተነስተን ወደ አርክ እንምጣ። ኢንቴል በ2022 አርክን ሲያወጣ ለዳይሬክትኤክስ 9 የራሱን ድራይቨር አልጻፈም። የሃያ ዓመት ጣጣ ከባዶ ከምጀምር ብሎ ማይክሮሶፍት የሠራውን፣ የ9ኙን ጥሪ ወደ 12 የሚያዞረውን መተርጎሚያ ተጠቀመ። ይከፍታል ወይ ካልከኝ ይከፍታል። ፍጥነቱ ግን መጀመሪያ አካባቢ አሳፋሪ ነበር። ዳይሬክትኤክስ 9 የሚጠቀመው ካውንተር ስትራይክ ጎ ላይ ከእሱ የረከሱ ካርዶች ይበልጡት ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ ባወጣው ድራይቨር ለበርካታ ጌሞች መንገዱን ቀየረ። የ9ኙን ጥሪ ቩልካን ወደሚባል ሌላ አዲስ መንገድ የሚያዞረውን፣ ዲኤክስቪኬ የተባለውን መተርጎሚያ ማስገባት ጀመረ፤ ልዩነቱም ወዲያው ታየ። ዲኤክስቪኬ ሊኑክስ ላይ የዊንዶውስ ጌም ለመክፈት የተሠራ ነው። ስቲም ዴክ በሚባለው በእጅ የሚያዝ የጌም ማሽን ላይ የድሮ ጌሞች የሚሄዱትም በእሱ ነው። ቺፑ ላይ አንዲት ነገር አልተነካም። ድራይቨሩ ብቻ ነው የተቀየረው። ሌላው ካርድ ሠሪ ኤኤምዲም በዚያው በ2022 የኦፕንጂኤል (እንደ ዳይሬክትኤክስ ያለ ሌላ መንገድ) ድራይቨሩን አዲስ አድርጎ ጽፎት ሰው እጅ ላይ የነበሩ ካርዶች በአንድ ጀምበር ፈጠኑ።

ስለዚህ ዛሬ አርክ መጥፎ ካርድ ነው አልልም። ላንተ አይሆንም የምልህ በሌላ ምክንያት ነው። አርክ በሙሉ አቅሙ እንዲሠራ ሪሳይዘብል ባር የሚባል የማዘርቦርድ ቅንብር ይፈልጋል። ኢንቴል ራሱ ከፕሮሰሰሮቹ 10ኛ ጄኔሬሽንና ከዚያ በላይ ነው የሚጠይቀው። ያንተ 4ኛ ነው። ያ ቅንብር ከሌለ ፍጥነቱ በጣም ይወርዳል፣ ይንገጫገጫልም። ቅናሹ ለሻጩ ነው የሚጠቅመው።

ካውንተር 1.6 ብዙውን ጊዜ የሚሠራው በኦፕንጂኤል ነው። ኦፕንጂኤል የጀመረው በ1992 ነው። በ2009 ላይ ለሁለት ከፍለውታል፤ አንዱ የድሮውን ያራገፈ፣ ሌላው ሁሉንም ይዞ የቀጠለ። የዊንዶውስ ድራይቨሮች ሁለተኛውን ስለያዙት ካውንተርህ ይሠራል። የኦፕንጂኤል የድሮ ጌሞች ግን አንድ የሚያስቅ ችግር አለባቸው። ጌሙ ሲነሳ ካርዱን «ምን ምን ትችላለህ?» ብሎ ይጠይቀዋል። በ1990ዎቹ መልሱ አጭር ነበር። የጌሙ ጸሐፊም ለመልሱ ጠበብ ያለ ቦታ አዘጋጀ። የአሁን ካርድ ሲጠየቅ የሚችለው ነገር ስለበዛ ዝርዝሩ ከተዘጋጀለት ቦታ ሞልቶ ይፈስና ጌሙ ይወድቃል። ካርዱ የድሮውን ስላልቻለ ሳይሆን በጣም ብዙ ስለቻለ ነው የተሰናከለው! ኩዌክ 3 የሚባለው ጌም ኤንጂን ላይ የተሠሩ በርካታ ጌሞች እንዲህ ያደርጋቸዋል። ለዚህ ነው ኢንቪዲያ ዝርዝሩን የሚያሳጥር ቅንብር ድራይቨሩ ውስጥ ያስገባው። ሜሳ የሚባለው የሊኑክስ ድራይቨር ደግሞ «ከዚህ ዓመት በኋላ የመጣውን አትንገረው» የሚባልበት ቅንብር አለው።

የሜሞሪውም ነገር ይመሳሰላል። የድሮ ጌም የካርዱን ሜሞሪ የሚቆጥረው በ32 ቢት ቁጥር ነው። ያ ቁጥር 4 ጊጋ ሊሞላ ሲል ያልቃል። አንዳንዱ ጌም ደግሞ ከ2 ጊጋ በላይ ሲያይ ቁጥሩ ኔጌቲቭ ይሆንበታል። ከዚያ 8 ጊጋ ካርድ ላይ ተቀምጦ «በቂ የቪዲዮ ሜሞሪ የለም» ይልሃል። እንዲህ ሲያጋጥምህ ካርዱን ይዘህ ወደ ሻጩ አትሩጥ። ዲጂቩዱ ውስጥ የሜሞሪውን መጠን ዝቅ አድርገህ ለጌሙ መንገር ትችላለህ።

በካርድ ከሚሳበበው ነገር ብዙው ጭራሽ የካርድ አይደለም። ፔስ 2013ን አዲስ ዊንዶውስ ላይ ስትገለብጠው ስሙ በዲ3ዲኤክስ9 የሚጀምር ዲኤልኤል ፋይል ጠፋ የሚል መልእክት ሊመጣብህ ይችላል። ሰው ይሄን ሲያይ «ያው፣ ካርዱ 9ን አይችልም» ይላል። አይደለም። ዋናው የዳይሬክትኤክስ 9 ፋይል ዊንዶውስ ውስጥ አለ። የጎደለው ጌም ሠሪዎች ይጠቀሙበት የነበረ ረዳት ፋይል ነው፤ እሱ ከዊንዶውስ ጋር አይመጣም። ማይክሮሶፍት በጁን 2010 ያወጣውን የዳይሬክትኤክስ መጫኛ አንዴ ፍላሽህ ላይ ያዘው፣ ጣጣው ያልቃል። ያንን አንድ ፋይል ብቻ ከየትም ድረ ገጽ እያወረዱ መለጠፍ ግን ቫይረስ መጋበዝ ነው፤ ባንድ ፍላሽ ጌም ቤቱን በሙሉ ታስጨርሰዋለህ።

ሌላም ልንገርህ። ዊንዶውስ 11 24ኤች2 የሚባለው ዝማኔ ሲመጣ ሳን አንድሪያስ ውስጥ ስኪመር የምትባለው ውሃ ላይ የምታርፍ አውሮፕላን ጠፋች። ሰው ድራይቨሩንም ዊንዶውሱንም ረገመ። ኋላ ሲመረመር ጥፋቱ የጌሙ ሆኖ ተገኘ። አውሮፕላኗ በተመዘገበችበት ፋይል ላይ የጎማ መጠኗ አልተጻፈም። ጌሙ ግን ሜሞሪ ውስጥ ከሌላ ሥራ የተረፈ ቁጥር እያነሳ ለሃያ ዓመት ሳይታወቅበት ኖሯል። ዝማኔው ሜሞሪው ውስጥ የሚተርፈውን ነገር ሲቀይረው ጉዱ ወጣ። እዚያው ሳን አንድሪያስ ላይ ፍሬም ሊሚተር የሚለውን ምርጫ አታጥፋው። ጌሙ በሰከንድ ለ30 ፍሬም (ምስል) አካባቢ ነው የተሠራው። ካርዱ በፈጠነ ቁጥር የጌሙ ዋና ሰው ሲጄ ውሃ ውስጥ መዋኘት ያቅተዋል፤ ልጆቹም «ማሽኑ ተበላሽቷል» ብለው ሂሳብ አንከፍልም ይሉሃል።

እውነትም የተቆረጠ ነገር የለም ወይ? አለ። ኢንቪዲያ በ2025 አርቲኤክስ 50 የሚባሉትን ካርዶች ሲያወጣ 32 ቢት ኩዳን፣ ማለትም የድሮ 32 ቢት ፕሮግራሞች ካርዱን ለስሌት የሚያሠሩበትን መንገድ፣ አስቀረ። በዚህ የተነሳ ፊዚክስኤክስን (የፍንዳታና የስብርባሪ እንቅስቃሴ ማስያውን) በካርዱ የሚያሠሩ የድሮ 32 ቢት ጌሞች፣ ለምሳሌ ቦርደርላንድስ 2፣ ያ ምርጫ ሲከፈት ሥራውን ወደ ፕሮሰሰሩ ጥለው ይንቀራፈፉ ጀመር። ሰው ሲጮኽ ለተወሰኑ ጌሞች መልሶታል። አንተ የምታከራያቸው ሦስቱ ግን እዚህ ውስጥ የሉበትም።

እንግዲህ ምን ታድርግ? አንድ ማሽን ላይ የሞተውን ካርድ ንቀለውና ሞኒተሩን ማዘርቦርዱ ላይ ሰካው። 4ኛ ጄኔሬሽን ኮር አይ ፋይቭ በብዛት ኤችዲ 4600 የሚባል የራሱ ግራፊክስ አለው። ፔስ 2013ን፣ ሳን አንድሪያስንና ካውንተር 1.6ን እሱ ራሱ ይጫወታቸዋል። ቅንብሩን መካከለኛ ላይ አድርግ። ይህ ግራፊክስ ሜሞሪ የሚበደረው ከራሙ ነው፤ ስለዚህ አንድ ራም ብቻ ካለው እኩያውን ጨምረህ ሁለት አድርግለት፣ ልዩነቱን በዓይንህ ታየዋለህ። ለዚያ የምታወጣው ለካርድ ከምታወጣው ጋር አይወዳደርም። ዲኤክስቪኬን ግን እዚህ ላይ አትሞክረው። የ4ኛ ጄኔሬሽን ግራፊክስ ዊንዶውስ ላይ የቩልካን ድራይቨር የለውም።

አዳዲስ ጌም መጨመር ካሰብክ ብቻ ለአንድ ወይም ለሁለት ማሽን ካርድ ግዛ። እኔ ብሆን ኢንቪዲያ ወይም ኤኤምዲ እይዛለሁ፤ ለዳይሬክትኤክስ 9 ከጥንት ጀምሮ ድራይቨር ሲጽፉ ስለኖሩ። ፔስንና ሳን አንድሪያስን በፍላሽ ይዘህ ሂድና ሱቁ ውስጥ አስከፍተህ እይ። ኬዝህ ቀጭኑ ዓይነት ከሆነ ሎው ፕሮፋይል የሚባለው ቁመተ አጭር ካርድ ነው የሚገባለት። የቢሮ ማሽን ፓወር ሰፕላይ ደግሞ ደካማ ስለሆነ ተጨማሪ የኃይል ገመድ የማይጠይቅ ካርድ ምረጥ። ዊንዶውስህ ገና 7 ከሆነ መጀመሪያ እሱን ቀይር፤ አርቲኤክስ 40ና ከዚያ ወዲህ ያሉት ለ7 ድራይቨር የላቸውም። ካርዶችህ በተከታታይ የሞቱበትንም ምክንያት እይ፤ ስታቢላይዘር ከሌለህ አዲሶቹም አይሰነብቱልህም።

የሞኒተሩን ነገርም ሳትጠይቅ እንዳትገዛ። አብዛኛው ጌም ቤት ያለው ቪጂኤ ሞኒተር ነው። የአሁን ካርዶች በአብዛኛው ቪጂኤ መውጫ የላቸውም፤ ያላቸው ኤችዲኤምአይና ዲስፕሌይፖርት ነው። ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የሚቀይር አክቲቭ ኮንቨርተር ያስፈልግሃል፤ ውስጡ ቺፕ ያለው። ሁለት ጫፍ ያለው ተራ ገመድ ሰጥተውህ «ይሠራል» ካሉህ አትቀበል፤ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ይቀራል።